በብስክሌት የሄድኩበት መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ብስክሌት ተደግፎ አየሁና እግሬ ቀጥ አለ። አብራኝ የነበረችው የልጅ ልጄ ሰላም ባጃጅ ልትጠራ እጇን አንሥታ ነበር፤ «ተይው፣ አንሄድም» አልኳት። የብስክሌቶቹ ባለቤቶች ባልና ሚስት ፈረንጆች ናቸው። ፀሐይ ፊታቸውን ልጦታል፤ ሰውየው ጉልበቱን በጨርቅ አስሯል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣ ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች። ቆማ መጠጣቷን ወደድኩላት። እኔም ቁጭ ብሎ መዋል አይሆንልኝም። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ እንጂ ዛሬም የውስጥ እግሬን ይበላኛል፤ መንገድ አለብሽ ሲለኝ ነው። ልጆቼ «እማማ፣ እስቲ ይረፉ» ይሉኛል። የሚያርፍ የሞተ ሰው ነው፤ እኔ ገና ነኝ።

ሰላም ዩኒቨርሲቲ ትማራለችና በእንግሊዝኛ አወራቻቸው። ለወራት የባሕሩን ጠርዝ ይዘው ሲጋልቡ ከርመው ነው አሉ ወደ ደጋው የወጡት። ሴትዮዋ በካሜራዋ አሳየችን፤ በአንድ በኩል ማለቂያ የሌለው ሰማያዊ ውሃ፣ በሌላው በኩል ዘንባባ፣ በመሐል ቀጭን መንገድ፣ ከፊት ደግሞ ባሏ ጎንበስ ብሎ ሲጋልብ። «ይህን መንገድ አውቀዋለሁ» አልኩ። ሰላም ሳቀች፤ «እማማ ደግሞ! ባሕር አይተው ያውቃሉ እንዴ?» «አላየሁም፤ ግን አውቀዋለሁ» አልኳት። ፈረንጇ የብስክሌቷን ኮርቻ ስዳብስ አይታኝ ኖሮ በሰላም በኩል ጠየቀችኝ፤ «እርስዎም በብስክሌት ተጉዘው ያውቃሉ? እስከ የት ሄዱ?» መልሱ አጭር ነበር። እኔ ግን መልሱን ከአፌ ሳላወጣ ስንት ዘመን ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ጣሊያን ማርቆስን የያዘበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ጸሐፊዎች ይቁጠሩት፤ እኔ የማውቀው አቡጀዲ የጠፋበት፣ ለአንድ አሞሌ ጨው ሰው የሚጋፋበት ዘመን መሆኑን ነው። ነጋዴው የጣሊያኑን የወረቀት ገንዘብ እያገላበጠ «ይህማ ለእሳት ማያያዣ ይሆናል» ይልና ይመልሰዋል፤ ማርትሬዛ ብር ይዞ የመጣውን ግን «ግባ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሃል!» ይለዋል። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ካኪ ለብሶ ከጣሊያን ቡና ቤት ጥግ ይቆማል፤ ከውስጥ ሸክላው የማይገባንን ዘፈን ቀኑን ሙሉ ያላዝናል፤ እኛ ሴቶቹ እየተሳደብን እናልፋለን፣ ቤት ስንደርስ ደግሞ ዜማውን እናንጎራጉረዋለን። አሁን በዚያ ጥግ ላይ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ተደርድረዋል። ባለፍኩ ቁጥር ግን አፍንጫዬን የሚመታኝ የጎማና የማስቲሽ ሽታ ነው፤ የደምለው ሽታ።

ደምለው ባሌ ነው። የሙት ልጅ ነበር፤ ሸህ ሰይድ የሚባሉ የማርቆስ ነጋዴ አሳድገውት፣ ገና ጢም ሳያወጣ ከጭነታቸው ጋር ምጽዋ ወርዶ እዚያው ቆየ። ሲመለስ ብስክሌት መጠገን ተምሮ መጣ። ከሸህ ሰይድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የመጣለትን ይጠግናል። የሚመጣለት ደግሞ ያው የጣሊያኑ ነው፤ ሌላ ማን ብስክሌት ነበረውና! ከሦስት ሙት ብስክሌት አንድ ሕያው ገጣጥሞ የራሱን ሠራ። የሰፈሩ ሰው «የሰይጣን ፈረስ» ይላታል፤ እሱ ግን ማታ ማታ እንደ ልጅ ያጥባታል።

አባቴ ዲማ መሪጌታ ነበር፤ ቃሉ የማይታጠፍ፣ ቁጣው የማይቀመስ ሰው። ከደምለው አባት ጋር ገና በልጅነታችን ቃል ተገባብተውልናል። የደምለው አባት ሞተ፤ የሙት ቃል ደግሞ አይፈርስም። ስለዚህ አባቴ እየመረረው ዳረኝ። «የጣሊያን አሽከር» እያለ ነው የዳረኝ። ከአገራችን ባላባቶች አንዱ ግራዝማች እኔን ፈልጎ ደጅ ይጠና እንደነበር፣ አባቴም ለእሱ ልቡ እንዳዘነበለ አውቃለሁ። በሠርጌ ዕለት የሸህ ሰይድ በቅሎ ላይ ተቀምጬ ልወጣ ስል፣ አባቴ በሽማግሌዎች ፊት ደምለውን እንዲህ አለው፤ «ልጄ ከቤቴ ተጭና ወጥታለች፤ ለመልስም ተጭና ትምጣ። በእግሯ ከመጣች ፈታ መጣች ብዬ ቤቴ አስገባታለሁ፤ አንተን ግን አላውቅህም።»

በኛ አገር ሙሽራ ለመልስ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ እግሯ መሬት አይነካም። በእግሯ ወደ አባቷ ደጅ የምትመጣ ሴት የከፋት፣ ወይ የተባረረች ናት። ዛሬ ሙሽሮች በሊሞዚን ይመጣሉ፣ ቢወርዱም ማንም ጉዳዬ አይልም። ያኔ ግን ጨዋታ አልነበረም።

መልሱ የአስተርዮ ማርያም ማግሥት ተብሎ ተቆረጠ። ገና ከጫጉላ ሳልወጣ ጣሊያን ስንቅ መጫኛ ብሎ የከተማውን በቅሎ ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። ሸህ ሰይድ የበቅሏቸውን ግላስና ቃጭል በትከሻቸው ተሸክመው መጡና ደጃችን ላይ ቆሙ። «ልጆቼ፣ በቅሎዋ ሄደች፤ ዕቃዋ ብቻ ቀረ» አሉ፤ እንባ እንባ ይላቸዋል። ሚዜዎቹም አልተገኙም፤ አንዱ ጫካ ገብቷል፣ ሌላው ፈርቶ ተደብቋል። ደምለው ቃጭሉን ተቀብሎ አየው፤ ብስክሌቷን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ነገሩ ገባኝና «ወይ ጉዴ!» አልኩ።

እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ለደምለው ልቤ አልሞቀም ነበር። አላውቀውም እኮ! አንገቱን ደፍቶ የሚበላ፣ ሲናገር የማይሰማ፣ እጁ ጥቁር ዘይት የሆነ ሰው ነው። እኔም አንቱ ነበር የምለው። መንገዱ ከተሰናከለ አባቴ ቤት እቀራለሁ፣ ምን ቸገረኝ፣ ብያለሁ በልቤ። የፈለግሁት መሄድ ብቻ ነበር፤ የትም ይሁን የት። ጫጉላ ቤት ተዘግቶ መቀመጥ ሊያሳብደኝ ደርሷል።

ደምለው ብስክሌቷን እንደ በቅሎ ሸለማት። ቃጭሉን ከመሪው ላይ አሰረ፣ ቀዩን ግላስ አጥፎ ከኋላ ካለው ብረት ላይ አነጠፈ፣ ልጓሙንም ሳይቀር ከፊት አንጠለጠለው። «ልጓሙ ለምን ይሆናል? ትነክሳለች?» ብለው ከእኔ በላይ የሳቁት ሸህ ሰይድ ናቸው። ጥልፍ ቀሚሴን ለብሼ፣ አልቦዬን አድርጌ፣ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ታጥቄ፣ ካባዬን ተከናንቤ፣ ሸህ ሰይድ በሰጡኝ ባለ አበባ ጃንጥላ ተጠልዬ በጎን ተቀመጥኩ። ከተማው ወጥቶ ያያል፤ እልል የሚልም አለ፣ የሚያማትብም አለ። ኬላው ላይ ወታደሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና አሳለፉን።

እንግዲህ ያን መንገድ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ቁልቁለት ስንወርድ ቃጭሉ ይጮኻል፣ ጃንጥላው ሊገለበጥ ይታገለኛል፣ ጤፍ የሚወቁ ሰዎች መንሻቸውን እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ሙሽራ በጠራራ ፀሐይ ባሏን ወገቡን ማቀፍ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ኮቱን በሁለት ጣቴ ያዝኩ፣ አንድ ጉድጓድ ካለፍን በኋላ ግን ነውሩን ለባለቤቱ ትቼ ግጥም አድርጌ አቀፍኩት። «ቀስ ይበሉ!» እላለሁ፤ ልቤ ግን ፍጠን፣ ፍጠን ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተንፍሼ አላውቅም።

ሉማሜ ስንደርስ አንድ ሻይ ቤት ገባን። ሻይ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ በብርጭቆ፣ ስኳሩ ከታች ተኝቶ። ያ ዝምተኛ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ አፉን ፈታ። ምጽዋ ሳለ አንድ ባልና ሚስት አይቷል፤ እያንዳንዳቸው በየብስክሌታቸው ባሕሩን በግራ፣ ዘንባባውን በቀኝ አድርገው ጎን ለጎን ሲጋልቡ። ሴትዮዋ እየሳቀች ትቀድመዋለች፤ ባልየው ሆን ብሎ ይቀደምላታል። «እኔ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሜ ነበር የማያቸው» አለኝ። «ጆንያው ከጀርባዬ ሳይወርድ ዞረው እስኪጠፉ ቆሜ ቀረሁ። ብስክሌት የተማርኩት ለዚያ ነው። አንድ ቀን የራሴን ሚስት ይዤ ያን መንገድ እሄዳለሁ ብዬ።» ከዚያ ጣቱን ሻይ ውስጥ ነክሮ ጠረጴዛው ላይ መንገዱን ሣለልኝ፤ ይህ ውሃ ነው፣ ይህ ዘንባባ ነው፣ ይህ ደግሞ እኛ ነን። ዝንብ መጣችና እኛ ላይ አረፈች። አባረራት። እኔም የዚያን ጊዜ ነው መሰለኝ እጁን ልብ ብዬ ያየሁት፤ ዘይቱ አላስጠላኝም።

ከሉማሜ በኋላ አውራ ጎዳናውን ትተን ወደ ዲማ ታጠፍን። መንገዱ የከብት መንገድ ነው፤ መረሬው በበጋው ፀሐይ ተሰነጣጥቆ ጎማ ይውጣል። ደምለው ብዙውን እየገፋ ነው የሚሄደው፤ በባዶ እግሩ፣ በእሾህ ላይ፤ እኔ ከላይ ጃንጥላዬን ይዤ። «ልውረድ?» ስለው «በጭራሽ!» ይላል። እንዲህ እንዳለን ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር «ቁም!» የሚል ድምፅ መጣ። ጎፈሬያቸው ትከሻቸውን የነካ አርበኞች ናቸው። አለቃቸው ጠመንጃውን በደምለው ደረት ትክክል አድርጎ፣ «አንተ ባንዳ! ለጣሊያን የማን ወሬ ይዘህ ነው የምትበረው?» አለው። ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ሳትደርስ በመንገድ አትናገርም፤ እኔ ግን ካባዬን ገለጥ አደረግሁ። «ባንዳ አይደለም፣ ባሌ ነው! የዲማው መሪጌታ ልጅ ነኝ፤ መልስ እየሄድኩ ነው።»

«በቅሎሽ የታለች?» አለኝ።

«ጣሊያን ወሰዳት።»

«ይህችኛዋስ?»

«ይህችን ደግሞ እኛ ከጣሊያን ወሰድናት። ተካካስን።»

ሰውየው ጢሙን እየነካካ ሳለ ሳቁ አመለጠው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጠመንጃው ወረደ። ልንሄድ ስንል ግን ደምለው አልተንቀሳቀሰም፤ የሰዎቹን እግር ያያል። እግር አይባልም፤ እሾህና ድንጋይ በልቶት ጨርቅ የጠቀለሉት ነው። ደምለው እኔን ግላሱን ድንጋይ ላይ አንጥፎ አስቀመጠኝና ሁለቱንም ጎማ አወለቀ። በቢላዋው እየቆረጠ፣ እየደራረበ፣ በጠፍር እየሰፋ ጫማ ሠራላቸው። አለቃው ጫማውን አድርጎ ረገጥ ረገጥ አደረገና «እግዜር መንገድህን ያቅናልህ፣ ወንድሜ» አለው። ባንዳ ሲለው የነበረው ሰው ነው እኮ! ተሰናብተውን ወደ ጫካው ገቡ።

እኔ ግን ተቃጠልኩ። ሰዎቹ እስኪርቁ ጠበቅሁና ጮኽኩበት። «አንተ ዕብድ!» አልኩት፤ አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። «በምን ልደርስ ነው? ብረቱ ብቻውን ይሄዳል? አባቴ እኮ ሊነጥቅህ ነው! ሊነጥቅህ ነው ስልህ!» ቃሉ ከአፌ እንደወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ጠዋት ምን ቸገረኝ ያልኩት እኔ ነኝ? አለቀስኩ። ደምለው ፊቱን አላዞረም። «ትርንጎ፣ እነሱ በባዶ እግራቸው ሲሮጡልኝ እኔ በጎማ ልለፍ?» አለ። «አንቺን እግርሽን መሬት አላስነካሽም። ይህን ቃሌን ያዥ።» ከዚያ አፍሮ አቀርቅሮ መቀነቴን ለመነኝ። ሠላሳ ክንድ ይሁን አርባ እንጃ፣ እናቴ የፈተለችው መቀነት ነው። ጫጉላ ቤት ተግደርድሬ ያልፈታሁለትን በአውላላ ሜዳ ላይ አስፈታኝ! የኋላውን ቸርኬ በእኔ መቀነት፣ የፊቱን በራሱ ነጠላ ጠቀለለው፤ እንደገና ተጫንኩ፤ ሄድን።

የዲማን ደብር ስናይ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። የአባቴ ቤት ዳገት ላይ ነው፤ ዳሱ ይታያል፣ ከበሮው ይሰማል። መቀነቴ አልቆ ብረቱ ድንጋዩን ይፍቃል፤ ቃጭሉ እንኳ አንዱ ተበጥሶ ወድቋል። ዳገቱ ግማሽ ላይ ደምለው ትከሻውን ሰጥቶ ሲገፋ ብስክሌቷ ቀጭ አለችና የፊቷን ቸርኬ የያዘው ብረት ለሁለት ተሰበረ። ወደ ታች ስሄድ ታወቀኝ፤ እግሬን ለመዘርጋት አሰብኩ። «እንዳትረግጪ!» ብሎ ጮኸ፤ ዞሮ በጀርባው ተቀበለኝ። አንገቱን አቀፍኩ። ብስክሌቷ ቃጭሏን እያንኳኳች ወደ ገደሉ ተንከባለለች። ዞሮም አላያትም። ያን ያህል ሲያጥባት የኖረውን!

በኛ አገር ሙሽራን ከበቅሎ አውርዶ የሚሸከማት ሚዜ ነው፤ ባል ሚስቱን አዝሎ በሰው ፊት መሄድ ያልተሰማ ነገር ነው። ከላይ ከበሮው ቆመ። ትንፋሹ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፤ በየእርምጃው ያነክሳል። «ተወኝ ልውረድ፣ ትሞትብኛለህ» ስለው እግሬን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሰው ሁሉ ወደ ደጁ ወጥቷል። ግራዝማቹም ነጭ ካባውን ደርቦ ከዳሱ አፍ ላይ ቆሞ ያየናል። አባቴ በሩ ላይ መቋሚያውን ተመርኩዞ አልንቀሳቀስም ብሏል። ደምለው ፊቱ ደርሶ ቆመ፤ እኔ ከጀርባው ላይ ነኝ።

አባቴ ደምለውን አላየውም፤ እኔን ብቻ አየ። «ልጄ፣ በምን መጣሽ?» አለኝ። ማምለጫ እየሰጠኝ መሆኑ ገባኝ። በእግሬ ብል፣ በግድ ነው ብል፣ ያንጊዜውኑ ይቀበለኛል፤ ሁሉም ነገር ያልቃል። የደምለው ላብ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

«በባሌ» አልኩ።

የአባቴ ዓይን ቀስ እያለ ከእኔ ወደ ደምለው፣ ከደምለው ወደ እግሩ ወረደ። ከመሬት ጋር የተጣበቀ ደም ነው። አባቴ መቋሚያውን ለሰው ሰጠ። በአንገቱ ካለው ማተብ ሥር የብር ወረንጦውን አወጣ፤ የገዛ እሾሁን የሚያወጣበትን፣ ለማንም የማያውሰውን። «አስቀምጣትና ተቀመጥ» አለው። ሴቶቹ ሮጠው አጎዛ አነጠፉልኝ። ደምለው ግን ቆሞ ቀረ፤ «አባቴ፣ እርስዎማ እግሬ ሥር አይሆንም፤ ነውር ነው» አለ። «ተቀመጥ አልኩህ!» አለ አባቴ በዚያ ቁጣው። «ልጄን የተሸከመ እግር ነው።» ተንበርክኮ እሾሁን አንድ በአንድ እየነቀለ ሳለ ነው ከሴቶቹ አንዷ ከበሮውን መታ አድርጋ ግጥሙን ያወጣችው፤

በቅሎዋ ብትቀር በጣሊያን እጅ፣
ሙሽራው አዝሏት ደረሰ ከደጅ።

ግራዝማቹ መቼ እንደሄደ ያየ የለም።

ደምለው ማርቆስ አልተመለሰም፤ እግሩ እንደዳነ ከዚያ ከሾላው ሥር ወዳገኘናቸው ሰዎች ሄዶ የጠመንጃ ጠጋኝ ሆነ። ባንዲራው ሲመለስ እሱም ተመለሰልኝ። በዚያው በሸህ ሰይድ በረንዳ ሥራውን ቀጠለ፣ ልጆች ወለድን። ባሕሩማ ምኑ ይወራል። ልጆቹ ይደጉ፣ ክረምቱ ይለፍ፣ መንገዱ ሰላም ይሁን ስንል ዘመን አለፈ፤ በኋላም ወደዚያ መሄዱ ለኛ ሰው የማይሆን ሆነ። አንድ ጊዜ ተናድጄበት ዕቃዬን ቋጥሬ ለብቻዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሉማሜ ላይ ወረድኩ። ሻይ ጠጣሁና ተመለስኩ፤ ያለ እሱ ምን ባሕር አለ? እሱ ካረፈ ብዙ ክረምት ሆነው። ሊያርፍ ሰሞን እግሩን ሳሽለት፣ ያልወጣች አንዲት እሾህ ተረከዙ ላይ ጠጥራ ነበር። እጄ ሲነካት «እሷን ተያት፣ የመልሳችን ናት» ይለኝ ነበር። ናፍቆኛል። ለሰው አልናገርም እንጂ ናፍቆኛል።

«እማማ፣ ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው እኮ» አለችኝ ሰላም። ፈረንጇ ሻይዋን ጨርሳ የእጅ ጓንቷን ታጠልቃለች።

«እስከ አባቴ ደጅ ነው የሄድነው በያት» አልኳት።

ሰላም ነገረቻት። ሴትዮዋ ካርታዋን ዘረጋችና እንደገና ጠየቀች፤ ሩቅ ነው ወይ ማለቷ ነው። ሰላም ባለፈው ፋሲካ ዲማ በመኪና ወስዳኝ ነበርና «ቅርብ ነው» ልትላት አፏን ስትከፍት ክንዷን ጨበጥኳት።

«እንዳትዋሻት! ሩቅ ነው በያት።»